ከሜዳ ወደ ወንበር፦ ትናንት የተጫወተ ዛሬ ሲያስተዳድር

ሰው ከታዛዥነት ወደ አዛዥነት፣ ከሠራተኛነት ወደ አስተዳዳሪነት ሲሸጋገር፣ ትናንት ያየው ድካም ለዛሬው ሥልጣኑ ምን ይሆነዋል? መብት ነውን? ጌጥ ነውን? ወይስ ዕዳ? ይህ ጥያቄ በመሥሪያ ቤትም፣ በፋብሪካም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚነሣ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ግን ወጣቶቻችን ዘወትር በሚነጋገሩበት ጉዳይ፣ ማለት በእግር ኳስ በኩል ልንመለከተው ወደድን። ተጫዋች የነበረ ሰው ጫማውን ሰቅሎ የክለብ ወይም የፌዴሬሽን መሪ በሚሆንበት ጊዜ፣ በእግሩ ስለ ተማረው ነገር በኅሊናው ምን ይጠየቃል?

አንዳንድ ምእመናን «ኳስንና የሀገረ ስብከትን መጽሔት ምን አገናኛቸው?» ይሉ ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ የሩጫንና የትግልን ምሳሌ ለመጠቀም አላፈረም። እ.ኤ.አ. በ1908 በቦነስ አይረስ ከተማ አባ ሎሬንሶ ማሳ የተባሉ የሳሌዥያን ማኅበር ካህን፣ በመንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ለአደጋ የተጋለጡ ልጆችን አይተው የቤተ ክርስቲያናቸውን ግቢ ከፈቱላቸው፤ ከዚያ የበቀለው ክለብ ዛሬ ሳን ሎሬንሶ ተብሎ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስ ከልጅነታቸው ጀምሮ የዚሁ ክለብ ደጋፊ ነበሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በተወለዱባት በቫዶቪጼ ከተማ በወጣትነታቸው በረኛ ሆነው ይጫወቱ ነበር። ደግሞም ሰው ላቡን በሚያፈስበት፣ ገንዘብ በሚከፋፈልበት፣ አንዱ አዝዞ ሌላው በሚታዘዝበት ስፍራ ሁሉ የጽድቅና የኃጢአት ጥያቄ አለ። ኳስ ሜዳም ከዚህ ውጭ አይደለም።

አትክልት ተራና ጃን ሜዳ

አትክልት ተራ የሚለው ስም በመርካቶና በአዲስ ከተማ አካባቢ ለሚኖር ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። የጅምላ ገበያው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም፣ ስሙ ከቦታው አልተነቀለም። ጃን ሜዳ ደግሞ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት፣ የአዲስ አበባ ልጆችም ለብዙ ትውልድ ኳስ የተጫወቱበት መስክ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ወራት የቲማቲሙ ሳጥንና የሽንኩርቱ ጆንያ ኳስ በሚንከባለልበት ሜዳ ላይ ተደርድሮ ነበር። ነገሩን ላስተዋለው ሰው ገበያውና ሜዳው እንግዶች አይደሉም። በሁለቱም ዘንድ ወጣት በጉልበቱ ዋጋ ያገኛል፤ በሁለቱም ዘንድ ጉልበት ቶሎ ያልፋል።

በአትክልት ገበያ ጭነት ሲያወርድ ያደገ ወጣት፣ እግዚአብሔር ሲረዳውና ሲቆጥብ፣ አንድ ቀን ራሱ ነጋዴ ይሆናል። ትናንት ከመኪና ላይ ጆንያ ይቀበል የነበረው ዛሬ ጭነት የሚያስወርድ ጌታ ነው። የጆንያውን ክብደት ከሚዛኑ በፊት ትከሻው ይነግረዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ለጫኝና አውራጁ፣ ተሸክሞ ከማያውቅ ነጋዴ ይልቅ የሚያዝን ይሆናልን? ሁለት ዓይነት ሰው እናያለን። አንዱ «ይህ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ሁለት ሁናችሁ ያዙት» ይላል። ሌላው ግን «እኔ ብቻዬን ስሸከመው አልነበረም እንዴ? አንተን ምን ያንቀባርርሃል?» ይላል። ሁለቱ ያለፉበት መንገድ አንድ ነው፤ ትዝታቸውም አንድ ነው። ከትዝታው የወጣው ፍርድ ግን ለየቅል ሆነ። የክለብ መሪ የሆነው የቀድሞ ተጫዋችም በዚሁ መንታ መንገድ ላይ ይቆማል።

የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ምሳሌ

በአገራችን ከሜዳ ወደ ወንበር የወጡ ሰዎች ሲታሰቡ በመጀመሪያ የሚነሣው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም ነው። አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ፤ አባታቸው በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ከአትክልት ተራ ብዙም በማይርቀው በአራዳ ሰፈር የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት እርሳቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡ ከተቋቋመ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

በወረራው ዘመን ገዢዎቹ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ ሰፈር፣ በትምህርት ቤት፣ በጨዋታም ሳይቀር ለያዩ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። በዚያ ዘመን ኳስ የተጫወተ ኢትዮጵያዊ ወጣት፣ ሰው በችሎታው ሳይሆን በቆዳው ቀለም ሲመዘን ምን እንደሚሰማው ለመረዳት መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገውም፤ በገዛ ሰውነቱ ተምሮታልና።

ከነጻነት በኋላ አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። ገና ተጫዋች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1943 በተቋቋመው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ውስጥ የአስተዳደር ሥራ ጀመሩ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ። ቡድናችን በፍጻሜው ጨዋታ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ፤ ከ1972 ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነው አገለገሉ።

የሹመቱን ብዛት መቁጠር የእኛ ዓላማ አይደለም። የምንጠይቀው፣ በሜዳ የተማሩትን በወንበር ላይ ምን አደረጉበት? ብለን ነው። ኮንፌዴሬሽኑን የመሠረቱት ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በዚያው በ1957 በካርቱም በተዘጋጀው የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ተመድባ ነበር። የደቡብ አፍሪካ መሪዎች ግን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ እምቢ ስላሉ ከውድድሩ ተወገዱ። ከዚያ በኋላ ትግሉ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል በተደረገው የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከማኅበሩ ተባረረች። በዚያን ጊዜ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን የሚመሩት በልጅነታቸው በዘር በተከፋፈለ ከተማ ኳስ የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቁም ነገር እናስተውል። በሶዌቶ አቧራ ላይ ኳስ የሚያንከባልለውን ጥቁር ልጅ አቶ ይድነቃቸው በስሙ አያውቁትም። የክለባቸው ልጅ አይደለም፤ የአገራቸው ልጅ አይደለም፤ ቋንቋውም ሌላ ነው። ሆኖም የራሳቸው የልጅነት ትዝታ ከራሳቸው ሰፈር አልፎ ወደ እርሱ ደረሰ። ትዝታ ወደ ፍትሕ የሚለወጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ዋጋም አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ፣ አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። በእንግሊዝ አገር በተደረገው በዚያ ውድድር አንድም የአፍሪካ ቡድን አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አግኝታ ሞሮኮ በሜክሲኮ ተጫወተች፤ በ1982 በስፔን ደግሞ አልጄሪያና ካሜሩን ሁለት ሆነው ቀረቡ። ይሁንና በ1966 ጉልበታቸው በሞላበት ዕድሜ ላይ የነበሩ የአፍሪካ ተጫዋቾች ያቺን ዕድል ዳግመኛ አላገኟትም። ለሚመጣው ትውልድ የተከፈለውን ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። በወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ እንኳ ሲወስን የሌላውን ሰው ዕድሜ እንደሚያወጣ መዘንጋት የለበትም።

የተሸከመ ሁሉ አይራራም

ከዚህ የአቶ ይድነቃቸው ምሳሌ ተነሥተን «እንግዲያው ክለብን ለቀድሞ ተጫዋቾች ብንሰጥ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ብንል እንሳሳታለን። መከራ ያየ ሰው ሁሉ ለተከራ አያዝንም። ጌታችን በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ያስተማረውን የዚያን ባሪያ ምሳሌ እናስታውስ። እጅግ ብዙ ዕዳ የተተወለት ይህ ሰው ከጌታው ፊት እንደ ወጣ፣ ጥቂት ገንዘብ የተበደረውን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው። ባልንጀራው የለመነውም እርሱ ራሱ ከጥቂት ጊዜ በፊት ጌታውን በለመነበት አኳኋን ነበር። ልመናውን ያውቀዋል፤ ፍርሃቱንም ያውቀዋል፤ ግን ማወቁ ልቡን አላራራውም።

ይህ ለምን ይሆናል? ሰው ከመከራ ሲወጣ ሁለት ፈተና ያገኘዋል። አንደኛው መርሳት ነው። ሁለተኛውና የባሰው ግን አጣምሞ ማስታወስ ነው። አጣምሞ የሚያስታውስ ሰው የትናንቱን ችግር አይረሳም፤ እንዲያውም ዘወትር ያወራዋል፤ የሚያወራው ግን ሌላውን ዝም ለማሰኘት ነው። «እኛ በባዶ እግራችን ተጫውተናል፤ እናንተ ጫማ ተገዝቶላችሁ ታማርራላችሁ» ይላል። ጉልበቱ የተጎዳው ልጅ ሕመሙን ሲናገር «እኔም ታምሜ ተጫውቻለሁ» ይለዋል። ደመወዝ ለዘገየበትም «በእኛ ጊዜ ደመወዝ የሚባል ነገር መች ነበረ?» ይለዋል። የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነቱ ግን ለበደል መሸፈኛ ሆነ።

እግዚአብሔር ለእስራኤል ሕዝብ ሕግ ሲሰጥ ይህን የልብ ጠማማነት ያውቅ ነበር። በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው፣ መጻተኛን እንዳያስጨንቁ ሲያዝዛቸው የሰጣቸው ምክንያት እነርሱ ራሳቸው በግብጽ መጻተኞች ስለ ነበሩ የመጻተኛን ነፍስ ያውቃሉና የሚል ነው። በግብጽ የተቀበሉት መከራ በሌላው ላይ ሊያደርሱት የተፈቀደላቸው ወግ አልሆነም፤ ግዴታ ሆነባቸው። ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተጻፈው መልእክትም ሊቀ ካህናት ለደካሞች ሊራራ የሚችለው እርሱ ራሱ ድካም ስላለበት እንደ ሆነ ያስተምረናል።

ስለዚህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የቀድሞው ድካም ለባለ ሥልጣኑ ዕዳ ነው። ተጫውቶ የማያውቅ አስተዳዳሪ «ልጁ እንዲህ መጎዳቱን አላወቅሁም ነበር» ሊል ይችል ይሆናል። ተጫዋች የነበረው ግን ይህ ምክንያት የለውም። የተጎዳ ጉልበት በመርፌ ደንዝዞ ወደ ሜዳ ሲመለስ ነገ ምን እንደሚሆን ያውቃል። በተቀያሪ ወንበር ላይ ወራት የቆጠረ ወጣት ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ያውቃል። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት የቀረው፣ የሚያናግረው ሰው ያጣ ተጫዋች እንቅልፍ እንደማይወስደው ያውቃል። ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታል የሚለው የጌታችን ትምህርት በገንዘብና በሹመት ብቻ የሚተረጐም አይደለም፤ ዕውቀትም ተሰጥኦ ነው፤ በሥቃይ የተገኘ ዕውቀት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ከሙኒክ የምናገኘው ትምህርት

ነገሩን ይበልጥ ለመመርመር ከአገራችን ውጭ ያለ አንድ ታሪክ እንይ። ኡሊ ሄነስ በጀርመን አገር በኡልም ከተማ የተወለደ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ነው። ለባየር ሙኒክ ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫን ካሸነፈው የምዕራብ ጀርመን ቡድን ጋር ነበረ። ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት ስላልቻለ በ1979፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ከዚያም በሥራ አስኪያጅነትና በፕሬዚዳንትነት ለአሥርተ ዓመታት ሲያስተዳድር ባየር ሙኒክ ከዓለም ባለጸጋ ክለቦች አንዱ ለመሆን በቃ።

ከሄነስ ጋር አብሮ የተጫወተው ጌርድ ሙለር በዘመኑ ከነበሩት ጎል አግቢዎች ሁሉ የላቀ ነበር። ጨዋታ ካቆመ በኋላ ግን በመጠጥ ተይዞ ሕይወቱ ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሄነስና ሌሎች የቀድሞ ጓደኞቹ ሕክምና እንዲገባ ረዱት፤ ሲሻለውም ክለቡ ወጣቶችን የሚያሠለጥንበት ሥራ ሰጠው። ሙለርም በዚያው ክለብ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ስታዲዮሙ ስሙን በሚጮኽበት ዘመን ሙለርን መውደድ ቀላል ነበር። ጎል ማግባት ካቆመና ከወደቀ በኋላ እርሱን ፈልጎ ማንሣት ግን በጎ ሥራ ነው፤ ሄነስም ይህን ማድረጉን ማንም አይክድም።

ሆኖም ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ለመንግሥት መክፈል የሚገባውን 28.5 ሚሊዮን ዩሮ ግብር አላስገባም ተብሎ የ3 ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። በማግሥቱ ከክለቡ ፕሬዚዳንትነት ለቀቀ፤ ይግባኝም አልጠየቀም፤ ወደ ወኅኒ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተፈታ በኋላ አባላቱ እንደገና ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት፤ እስከ 2019ም ሠራ። ይግባኝ ሳይጠይቅ ፍርዱን መቀበሉ እንደ ንስሓ መጀመሪያ ሊታይ ይችላል፤ የልቡን ነገር ግን መርማሪው እግዚአብሔር ነው።

ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው አንድ ትምህርት እናገኛለን። ሄነስ ለወደቀ ጓደኛው የራራው ፊቱን ስለሚያውቀው ነው፤ አብረው ሮጠዋል፤ አብረው አሸንፈዋል። የግብሩ ገንዘብ ግን ፊታቸው የማይታይ የብዙ ሰዎች ገንዘብ ነበር፤ ሆስፒታል የተኛው ሕሙምና ትምህርት ቤት የገባው ሕፃን ወደ ቢሮው መጥተው አላለቀሱበትም። ትዝታ የሚወልደው ርኅራኄ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። የምናውቀውን እንረዳለን፤ የማናውቀውን ግን ስንበድለው እንኳ አይሰማንም። ፍትሕ ከርኅራኄ አልፎ ይሄዳል የምንለው ለዚህ ነው፤ ያላየነውን ሰው ገንዘብና መብት እንደምናየው ሰው አድርጎ መጠበቅ ከፍትሕ ግዴታዎች ዋነኛው ነውና።

ወንበሩ የሚያመጣው ጭንቀት

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ መቃወሚያ ሊቀርብልን ይችላል። «የክለብ መሪ የተሾመው ክለቡን ሊጠብቅ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ካዘነ ክለቡ ይከስራል፤ ክለቡ ከከሰረ ደግሞ ሁሉም ሥራ ያጣል» የሚል ነው። ይህ አባባል እውነትነት አለው። የቀድሞ ጓደኞቹን ብቻ የሚቀጥር፣ ለወዳጁ ውል የሚያድስ፣ ለአንዱ አዝኖ የሌላውን ድርሻ የሚሰጥ መሪ መሐሪ አይባልም፤ አድሏዊ ነው። መሪ አንዳንድ ጊዜ ተጫዋችን ማሰናበት ግድ ይሆንበታል።

በአገራችን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከክለቦቻችን ብዙዎቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ወይም በከተማ አስተዳደሮች በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ከእነዚህ ሣጥኖች የሚወጣው ብር ከየት ይመጣል? አትክልት ነጋዴው ከሚከፍለው ግብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ከሚቆረጠው፣ በየከተማው ከሚሰበሰበው ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወስን ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን «የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ባለው ጊዜ ያግኝ» አለ፤ ሌላው «ውኃ ያልገባለት ቀበሌ እያለ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንዲህ ይወጣል?» አለ። በሁለቱም ወገን እውነት አለ። የቀድሞ ተጫዋች የሆነ መሪ የመጀመሪያውን እውነት ሳይነግሩት ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን ሊማረው ይገባል፤ ሜዳ አላስተማረውምና።

የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንም እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1982 ድረስ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር በውጭ የሚጫወቱ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ እንዲያሰልፍ የሚያዝ ደንብ ነበር። ሐሳቡ በአገር ውስጥ ያለው ጨዋታ እንዳይዳከም ነበር፤ ያም በጎ ሐሳብ ነው። ነገር ግን እንጀራ ፍለጋ ወደ አውሮፓ የሄደው ተጫዋች በደንቡ ምክንያት የአገሩን ማልያ ሳይለብስ ሊቀር ይችል ነበር። ደንቡ በኋላ ተሻረ። የጋራው ጥቅምና የአንዱ ሰው መብት በተጋጩ ጊዜ ከልምድ የተገኘ ጥበብም ብቻውን እንደማይበቃ ይህ ያሳየናል።

እንግዲህ መሪው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ምን ይያዝ? ቤተ ክርስቲያናችን በማኅበራዊ ትምህርቷ መንገዱን አመልክታለች። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ሥራ ለሰው እንደ ተፈጠረ፣ ሰው ግን ለሥራ መሣሪያ እንዳልተፈጠረ አስተምረዋል። ቅድስት መንበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ስፖርት ባወጣችው ሰነድ ስፖርተኛ እንደ ሸቀጥ እንዳይቈጠር አስጠንቅቃለች። ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እናወጣለን።

አንደኛ፣ የተዋዋሉትን በጊዜው መክፈል። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ተከልክሎ የቀረ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። ቃል የተገባው ደመወዝ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ የሠራው ሰው ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ እውነትን ፊት ለፊት መናገር። ተጫዋችን ማሰናበት ኃጢአት አይደለም። እያወላወሉ ማቆየት፣ ስልክ አለማንሣት፣ ሌላ ክለብ የሚፈልግበት ጊዜ ካለፈ በኋላ «አትፈለግም» ማለት ግን በደል ነው። ይህ በደል ገንዘብ ያለመክፈል ያህል ይቈጠራል፤ የሰውን ዕድሜ ይወስዳልና።

ሦስተኛ፣ ሰውን በሰውነቱ ማየት። በታዳጊ ቡድን ውስጥ ካሉት ሃያና ሠላሳ ልጆች ታላቅ ተጫዋች የሚሆነው አንዱ ቢሆን ነው። የቀሩት ትምህርታቸውን ትተው፣ ሙያ ሳይዙ ቢቀሩ ተጠያቂው ማነው? ራሱ በዚያ ዕድሜ ያለፈ መሪ ይህን ጥያቄ ለሌላ ሊያስተላልፈው አይችልም።

ይህ ነገር እኛን እንዴት ይነካናል?

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከመካከላችን የክለብ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ምናልባት አንድም ላይኖር ይችላል። ከሜዳ ወደ ወንበር ያልተሸጋገረ ግን ማን አለ? የትናንቱ ልጅ ዛሬ አባት ነው። የትናንቷ የቤት ሠራተኛ ዛሬ ሠራተኛ ቀጥራለች። በቁምስናው ርዳታ የተማረው ተማሪ ዛሬ በቁምስናው ምክር ቤት ስለ ሌሎች ተማሪዎች ይወስናል። በክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቆ የተገሠጸው ልጅ ዛሬ መምህር ሆኖ በልጆች ፊት ቆሟል። እኛ ካህናትም ትናንት በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ታዛዦች ነበርን፤ ዛሬ ምእመናን በደጃችን ቆመው ይጠብቁናል።

ስለዚህ በዐቢይ ጾምም ሆነ ለንስሓ በምንዘጋጅበት በማናቸውም ጊዜ ኅሊናችንን ስንመረምር እነዚህን ጥያቄዎች ብንጨምር ይጠቅመናል። ትናንት ያቈሰለኝን ነገር ዛሬ በማን ላይ እያደረግሁት ነው? «እኔም አልፌበታለሁ» የሚለውን ቃል የምናገረው ለማጽናናት ነው ወይስ ዝም ለማሰኘት? ለማውቀው ሰው የማሳየውን ርኅራኄ ለማላውቀው ሰው እንደ ፍትሕ እከፍለዋለሁን? በእጄ ያለው የጋራ ገንዘብ የማን እንደ ሆነ አስታውሳለሁን? መምህራን እነዚህን ጥያቄዎች ከወጣቶች ጋር ቢወያዩባቸው መልካም ነው። ወጣቶቹ ስለሚወዱት ክለብ ሲከራከሩ «ማን አሸነፈ?» ከማለት ጋር «የተጎዳውን ማን ጠየቀው? የተሰናበተውን ማን አነጋገረው?» ብለው እንዲጠይቁ ማስለመድ ራሱ ትምህርተ ክርስቶስ ነው።

በመጨረሻ ዓይናችንን ወደ ጌታችን እናቅና። እርሱ በናዝሬት በእጁ ሠርቷል፤ ተርቧል፤ ደክሞታል፤ በሰዎች ፊት ተንቋል። ከሙታን ተለይቶ በተነሣ ጊዜ የሥጋው ድካም ሁሉ ተወግዶ ሳለ የችንካሩ ምልክት ግን በእጁና በጎኑ ላይ ነበረ፤ ለቶማስም ያሳየው ያንኑ ነው። በክብር ወደ ሰማይ ሲያርግም ያንን ምልክት ይዞ ዐረገ። በአብ ቀኝ የተቀመጠው ንጉሥ ቍስሉን አልሸሸገውም፤ ስለ እኛ የሚማልደውም በእርሱ ነው። በማንኛውም ወንበር ላይ የምንቀመጥ እኛም የቀድሞ ቍስላችንን ይዘን እንድንቀመጥ፣ በቍስላችንም የሌላውን ቍስል እንድናውቅበት፣ ቸሩ አምላካችን ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።